በጣና ዳር የሰዓትን ካርታ ይዞ ለመጓዝ፦ ከቤት ዝግጅት እስከ መመለሻ

በባሕር ዳር በማለዳ ከሚሮጡት፣ በብስክሌት ከከተማ ከሚወጡትና በእግራቸው ዘጌን ከሚያቋርጡት መካከል የጂፒኤስ ስፖርት ሰዓት ያሰረ ሰው ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሰዓቱን የሚመለከቱት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱና ልባቸው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ለማወቅ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ካርታ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፈት ይቆያል። ይህ መመሪያ ካርታውን ከቤት ጀምሮ እንዴት ማዘጋጀት፣ በመንገድ ላይ እንዴት ማንበብ፣ እንዲሁም መቼ አለማመን እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። ካርታ የሚሠራው ለሚቆም ነገር ነው፤ የቤዛዊት ኮረብታ፣ የዓባይ ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር በየዓመቱ በቦታቸው ይገኛሉ። የጣና ዳር ግን አይቆምም። ውሃው በመስከረም ይሞላል፣ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል፣ የሸሸበትንም መሬት ገበሬው ባሕር ሸሽ ብሎ ያርሰዋል። በሰዓቱ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ከእነዚህ ወራት የአንዱን ዳር ብቻ ያሳያል፤ የትኛውን እንደሆነ ግን አይናገርም። በዚህ አካባቢ ካርታ የሚይዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበት።

ሰዓትዎ በእውነት ካርታ እንዳለው ያረጋግጡ

ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ሁሉ ካርታ የለውም። ብዙ ሰዓቶች የተጓዙበትን ዱካ በባዶ ስክሪን ላይ እንደ ክር ይስሉና ከዚያ በላይ ምንም አያሳዩም፤ መንገድ፣ ወንዝ፣ የከፍታ መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) አይኖራቸውም። ይህም ቢሆን ወደ መጡበት ለመመለስ ይጠቅማል፤ ካርታ ብሎ መጥራት ግን ያሳስታል። ከጋርሚን ፌኒክስ 7ና ፎርራነር 965፣ ከሱንቶ ቨርቲካልና ሬስ፣ ከኮሮስም ቨርቲክስ 2 ሙሉ ካርታ የሚይዙ ናቸው። የሌላ ሞዴል ባለቤት ከሆኑ ከቤትዎ ደጃፍ ቆመው የካርታውን ገጽ ይክፈቱ። በአካባቢዎ ያሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ከታዩ ካርታ አለው፤ ከራስዎ ምልክት በቀር ሌላ ካልታየ ወይ ካርታ የለውም፣ ወይም የእኛ አካባቢ ካርታ አልተጫነበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ እዚህ በጣም የተለመደ ነው። ሰዓቱ በአብዛኛው ከውጭ በዘመድ እጅ ስለሚመጣ በውስጡ የተጫነው ዝርዝር ካርታ የተገዛበት አህጉር ነው። ለአፍሪካ የሚኖረው ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎችንና ትልልቅ ሐይቆችን ብቻ የያዘ መነሻ ካርታ ይሆናል። ምልክቱን ለመለየት ካርታውን ወደ ጣና ያቅርቡት፤ የሐይቁ ዳር በቀጥታ ማዕዘኖች የተቆራረጠ ከሆነና እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ከጠፉ የያዙት መነሻ ካርታ ነው። በእርሱ ከከተማ መውጣት አይገባም።

ካርታውን ማውረድ

1. ሰዓቱን ቻርጀር ላይ ይሰኩት። የካርታ ፋይል በጊጋ ባይት የሚቆጠር በመሆኑ ማውረዱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎቹ ሰዓቶችም ኤሌክትሪክ ላይ ካልተሰኩ ማውረድ አይጀምሩም።

2. በሰዓቱ የሲስተም ወይም የካርታ ቅንብር ውስጥ፣ አለዚያም በስልክዎ ባለው የሰዓቱ መተግበሪያ ውስጥ የካርታ ማስተዳደሪያውን ያግኙ። አንዳንዱ አምራች መላውን አፍሪካ ወይም ሰፊ ክፍሉን በአንድ ፋይል ይሰጣል፤ ሌላው በአገር ወይም ራስዎ በሚመርጡት አራት ማዕዘን ከፍሎ ያቀርባል። ምርጫ ካለዎት ከባሕር ዳር ጋር ሰሜኑን እስከ ጎርጎራ፣ ደቡብ ምሥራቁን እስከ ጢስ ዓባይ ያካትቱ። ሐይቁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ጠባብ አራት ማዕዘን መካከሉ ላይ ይቆርጥብዎታል።

3. ዋይፋይ ላይ ሆነው ማታ ያስጀምሩትና እንዲያድር ይተዉት። መብራት ቢቋረጥ ብዙዎቹ ከቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ያልቀጠለ እንደሆነ ግማሹን ፋይል አጥፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል፤ የተጎዳ ካርታ በስክሪኑ ላይ ነጭ ቦታ እየተወ ያሳስታልና። በዋይፋይ የማይሳካ ከሆነ በኮምፒዩተርና በኬብል መጫን ይቻላል፤ እኔ የመጨረሻውን ካርታዬን የጫንሁት በዚህ መንገድ ነው።

4. ካለቀ በኋላ ስልክዎን አጥፍተው ካርታውን ይክፈቱ። ስልኩ ሲጠፋ የማይታይ ካርታ ሰዓቱ ውስጥ የለም ማለት ነው።

የአብዛኞቹ ሰዓቶች ካርታ መሠረቱ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በመላው ዓለም በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት ኦፐንስትሪትማፕ ነው። ይህ ማለት አንድ ሰው ሄዶ ወይም በሳተላይት ምስል አይቶ ያሰፈረው መንገድ አለ፣ ያላሰፈረው የለም ማለት ነው። በባሕር ዳር መሀል ከተማ መንገዱ ተሟልቶ ይገኛል፤ ከከተማ ሲወጡ ግን የእግር መንገዱ እየሳሳ ይሄዳል። በካርታው ላይ መንገድ አለመኖሩ በምድሩ ላይ መንገድ የለም ማለት አይደለም። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሰዓቶች የአማርኛ ፊደል ስለሌላቸው ስሙን በላቲን ፊደል ወይም በባዶ ሣጥን ያሳያሉ። ገበሬው ወንዙን በሚጠራበት ስም በስክሪኑ ላይ አያገኙትም፤ ስለዚህ መንገድ ሲጠይቁ ስሙን ከሰው አፍ ይውሰዱ።

ስክሪኑን ለመንገድ ማዘጋጀት

የካርታ ገጽ በሩጫ፣ በእግር ጉዞና በብስክሌት እንቅስቃሴዎች ውስጥ ለየብቻው መጨመር አለበት፤ ለአንዱ የተደረገው ለሌላው አይተላለፍም። ካርታውን ከዋናው የመረጃ ገጽ በአንድ የቁልፍ ጫና ርቀት ላይ ያስቀምጡት። በላብና በውሃ የረጠበ ጣት የንክኪ ስክሪንን ስለሚያሳብድ ማቅረብና ማራቅን በቁልፍ መሥራት ይልመዱ።

ቀጥሎ አቅጣጫን ይምረጡ። ካርታው ሁልጊዜ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ ሊቆም ወይም እርስዎ በሚሄዱበት አቅጣጫ ሊዞር ይችላል። ለመታጠፊያ የሚዞረው ይቀላል፤ በጣና ዳር ግን እኔ ሰሜን ወደ ላይ የቆመውን እመርጣለሁ። ከባሕር ዳር የተነሳ ሰው ሐይቁ በሰሜኑ እንዳለ በልቡ ያውቃል፤ ካርታውና ይህ ዕውቀት አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ስሕተት ቶሎ ይታያል።

የርቀት መለኪያውን ትንሽ መስመር ሳያዩ ካርታ አያንብቡ። መስመሩ 50 ሜትር በሚልበት ጊዜ አጠገብዎ የሚመስለው መገንጠያ በእርግጥ አጠገብዎ ነው፤ 800 ሜትር በሚልበት ጊዜ ግን ገና አሥር ደቂቃ ያስሄዳል። ለእግር ጉዞ ከ100 እስከ 200 ሜትር፣ ለብስክሌት ከ300 እስከ 500 ሜትር ያለው እይታ ይበቃል።

ከፍታን በሚመለከት ባሮሜትር (ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ላለው ሰዓት የጣና ዳር ምቹ መለኪያ ነው። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ግድም ስለሆነ ከውሃው ዳር ቆመው ይህን ቁጥር በእጅ ቢያስገቡ፣ በሐይቁ መሙላትና መጉደል ምክንያት የሚመጣው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። የአየር ግፊት ግን በራሱ ይለዋወጣል። በእኛ ዓይነቱ የሐሩር ክልል ግፊቱ በየቀኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም ከፍ ይልና ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ዝቅ ይላል፤ በዚህ ከፍታ ላይ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ለውጥ በሰዓቱ ላይ የ10 ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ጠዋት አስተካክለው ከሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ሲመለሱ ሰዓቱ 20 ወይም 30 ሜትር ወጥተዋል ቢልዎት አልተበላሸም፤ እንደገና ያስተካክሉት።

ሌላው መታየት ያለበት የፀሐይ መግቢያ ሰዓት ነው። ሰዓቱ የሚያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር በመሆኑ 18:10 ሲል ምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። በባሕር ዳር ፀሐይ በኅዳር ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብላ ትገባለች፣ በሐምሌ ደግሞ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። ይህን ቁጥር ከካርታው ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ያድርጉት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬም ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል። በዚያ ዳር ጨለማ እንዳያገኝዎ ማድረግ ከካርታ ንባብ የማይተናነስ ጥንቃቄ ነው።

የጉዞ መስመር መሥራት

መስመሩን በሰዓቱ ላይ ሳይሆን በሰፊ ስክሪን፣ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ላይ ይሥሩት። አብዛኛው መተግበሪያ ነጥብ ባስቀመጡ ቁጥር በሚያውቀው መንገድ ላይ መስመሩን ራሱ ይስባል። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ ከካርታው ሥር የሳተላይት ምስሉን ከፍተው የተሳበው መስመር በእውነት የእግር መንገድ ላይ መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቀጥሎም ወደ ሐይቁ በጣም የተጠጋውን ክፍል ሁሉ ለይተው ይዩት፤ ዳሩን እየላሰ የሚሄድ መስመር ካገኙ ወደ ውስጥ፣ መንደርና ዛፍ ወዳለበት ከፍታ ይግፉት።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በጠፍጣፋው የሐይቁ ዳር መሬቱ በ500 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድበት ቦታ ቢኖር፣ ውሃው በአንድ ሜትር ሲነሳ ዳሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ እርስዎ መጣ ማለት ነው። የከፍታ መስመሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ20 ሜትር ልዩነት ስለሚሳሉ ይህ ሁሉ ሜዳ በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። ልምድ የሌለው ሰው ባዶውን ቦታ ሲያይ ምቹ ሜዳ ይመስለዋል፤ በፎገራ በኩል ግን ያ ባዶ ቦታ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝም የሚዘራበት ነው።

በአንድ የመስከረም ቅዳሜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ስሄድ በሚያዝያ የቀዳሁትን ዱካ ተከትዬ ነበር። በሚያዝያ በደረቅ መሬት የሄድሁበት መስመር በደንገልና በውሃ ተሸፍኖ አገኘሁት፤ ሰዓቱ ግን በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆኔን ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። ዱካው እውነት ነበር፣ ወሩ ግን ሌላ ነበር። እስከ ጉልበቴ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ ዞሬ ለመሄድ ሦስት ሰዓት ጨረስሁ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ መስመር ስም ስሰጥ የቀዳሁበትን ወር አብሬ እጽፋለሁ፤ «ዘጌ ሚያዝያ» እና «ዘጌ ጥቅምት» ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ለአንባቢም ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሌላ ሰው የጂፒኤክስ ፋይል፣ ማለትም ዱካ የተቀመጠበትን ፋይል፣ ሲቀበሉ መቼ እንደተቀዳ ይጠይቁ። የአንድ ቦታ መገኛ በቁጥር ከተሰጠዎ ደግሞ የቁጥሩን አጻጻፍ ይለዩ። ባሕር ዳር በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ላይ ነች፤ ይህ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 11.60 እንጂ 11.36 አይደለም። ይህን ያምታታ ሰው ነጥቡን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ያስቀምጠዋል። ከቀድሞው የወረቀት ካርታ የተቀዳ ቁጥርም ሊያሳስት ይችላል፤ የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን የሚባለውን የመገኛ ቁጥሮች መለኪያ መነሻ ሲከተሉ ሰዓቶች የሚከተሉት ደብሊው ጂ ኤስ 84 በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ሰዓትዎ መነሻውን መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ ለዚያ ነጥብ ብቻ ቀይረው ያስገቡና መልሰው ወደ ነበረበት ያድርሱት።

መጀመሪያ በከተማ ውስጥ ይለማመዱ

አዲስ ሰዓት ይዞ በቀጥታ ወደ ጫካ መግባት አይገባም። ከሐይቁ ዳር ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቶ የዓባይን ድልድይ አቋርጦ ቤዛዊት የሚወጣ መስመር ለልምምድ ተስማሚ ነው፤ ሰፊ መንገድ፣ ድልድይ፣ ዳገትና ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያሳይ ስፍራ በአንድ ላይ ይገኙበታል።

ከመነሳትዎ በፊት ክፍት ቦታ ላይ ቆመው ሰዓቱ ሳተላይት እስኪይዝ ይጠብቁ። እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚናገረውን መረጃ በየ30 ሰከንዱ ይደጋግማል፤ ሰዓቱ ይህን ቀድሞ በስልክ ካልተቀበለ ከሰማይ አዳምጦ መጨረስ አለበት። ስለዚህ በጉዞው ዋዜማ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ማገናኘት መጠበቁን ያሳጥራል። ዝግጁ ነኝ ካለ በኋላም አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት፤ የቸኮለ ሰው መነሻ ነጥብ ከመንገዱ ማዶ ይመዘገባል።

በድልድዩ ላይ ሲደርሱ ካርታውን ይክፈቱና ጠቋሚው ቀስት ድልድዩ ላይ ወይስ ውሃው ላይ እንዳለ ይመልከቱ። ጥቂት ሜትር ወጣ ማለቱ የተለመደ ነው። ቆመው ሳሉ ቀስቱ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ካመለከተ ኮምፓሱ መስተካከል ይፈልጋል፤ ከብረትና ከመኪና ርቀው እጅዎን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሳሉ ያዙሩት። ቤዛዊት ላይ ሲወጡ የሚታየውን ምድር ከካርታው ጋር ያመሳክሩ፤ ዓባይ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ ከተማውና ሐይቁ በየት እንደሚገናኙ በስክሪኑ ላይ በጣትዎ ይከተሉ። ይህን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ያደረገ ሰው በማያውቀው ቦታ ካርታውን ሲያይ ምድሩ በዓይነ ሕሊናው ይመጣለታል።

በዘጌ ጫካ ውስጥ

ዘጌ ለካርታ ፈተና ነው። ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያምና ከዚያም ወደ ውስጥ የሚወስዱት መንገዶች ከትልልቅ ዛፎች በታች፣ በቡናው መካከል ያልፋሉ፤ የእግር መንገዱ ደግሞ በየቦታው ይገነጠላል። እርጥብ ቅጠል የሳተላይቱን ምልክት ያደክመዋል፣ ግንድና ቅርንጫፍም ያንጸባርቁታል፤ በዚህም ምክንያት ዱካው ቀጥ ብለው ሲሄዱ እንኳ ይወላገዳል።

ሰዓትዎ ኤል 1 እና ኤል 5 የተባሉትን ሁለቱንም የሳተላይት ሞገዶች የሚቀበል ከሆነ በዚህ ቦታ ያብሩት፤ ባትሪ ይበላል፣ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። ከመስመር ወጥተዋል የሚለው ንዝረት በጫካው ውስጥ ያለ ምክንያት ሊመጣ ስለሚችል ወዲያው አይመለሱ። ቆም ይበሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያም ሃያ ወይም ሠላሳ እርምጃ ሄደው ከመስመሩ ያለዎት ርቀት እየሰፋ ወይስ እየጠበበ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዴ የታየ ቁጥር ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ለውጡ ነው።

በየመገንጠያው ላይ የቦታ ምልክት የማስቀመጥ ልማድ ይኑርዎ። አብዛኛው ሰዓት አንድ ቁልፍ በረጅሙ ሲጫኑት ያሉበትን ነጥብ ያስቀምጣል። ስሙን በኋላ ቤት ገብተው ይጽፉታል።

ወደ መነሻ መልሰኝ የሚለው ትእዛዝ ሁለት ምርጫ እንዳለው ቀድመው ይወቁ። አንደኛው በመጡበት ዱካ ይመልሳል፣ ሁለተኛው በቀጥታ መስመር ያመለክታል። የሐይቁ ዳር ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚሳበው ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በውሃው ላይ ነው። ሲመሽና ሲደክም የሰው ልብ ወደ አጭሩ መስመር ያደላል፤ እርስዎ ግን ሁልጊዜ የመጡበትን ዱካ ይምረጡ። ከዚህም ሁሉ በላይ ጫካው የገዳማትና የቡና ገበሬዎች ነው፤ መንገድ በካርታው ላይ ስለታየ ብቻ በሰው ግቢና በገዳም ቅጥር አይለፉ። አንድ ሽማግሌ አግኝተው «አባቴ፣ ይህ መንገድ ወዴት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ሰዓቱ የማያውቀውን ሁሉ ይነግርዎታል።

በውሃው ላይ

የስፖርት ሰዓት ካርታ የውሃ ጉዞ ካርታ አይደለም። ጥልቀት አያሳይም፣ ከውሃው በታች ያለውን ድንጋይ አያውቅም፣ የተዘረጋ መረብንም አይነግርም። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቁም ሆኖ ይመጣል፤ ለዚህ ነው ጀልባ ነጂዎቹ ጠዋት መሄድን የሚመርጡት። በካያክ ወይም በታንኳ የሚወጣ ሰው ምክራቸውን ከሰዓቱ በፊት ይስማ።

ሰዓቱ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመነሳትዎ በፊት የመነሻውን ወደብ ነጥብ ያስቀምጡ፤ ጭጋግ ወይም ዝናብ ዳሩን ቢሸፍነው ወደ ነጥቡ የሚያመለክተው ቀስት አቅጣጫ ይሰጥዎታል። በዚህ ጊዜ ሰዓቱ መንገድ ፈልጎ እንዲመራዎ አይዘዙት፤ የሚያውቀው የየብስ መንገድ ስለሆነ ሐይቁን ዞረው እንዲሄዱ ይነግርዎታል። ሁለተኛ፣ የተጓዙበት ዱካ ነፋሱ ምን ያህል ወደ ጎን እንደገፋዎ ያሳያል። አፍንጫዎ ወደ ዘጌ ሆኖ ዱካው ወደ ሌላ ሲያዘነብል በስክሪኑ ላይ ካዩ ቀድመው ማረም ይችላሉ።

እምቦጭን በተመለከተ ካርታው ምንም አይረዳም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረው ይህ አረም በነፋስ ከቦታ ቦታ ይንሳፈፋል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መግቢያ ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። በካርታው ላይ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ይቀዘፍበታል ብለው አያስቡ።

ወደ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፏፏቴው ዙሪያ ጉዞ አጭርና ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ከጥንቱ የድንጋይ ድልድይ አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በተንጠልጣዩ ድልድይ የሚዞረውን መስመር ቀድመው ይጫኑ። በገደሉ ውስጥ ሰማዩ ስለሚጠብ የርቀት ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል። በክረምት ወንዙን በጀልባ የሚያሻግረው ክፍል ሊዘጋ ስለሚችል በመጡበት የሚመለስ ሁለተኛ መስመርም ይያዙ።

ባትሪ

ካርታው ያለማቋረጥ ሲከፈት ስክሪኑ በየጊዜው ስለሚሳል ባትሪ ይበላል። በመደበኛ ገጽ ይሂዱና ካርታውን በመገንጠያ ላይ ብቻ ይክፈቱት። ሙሉ ቀን ለሚወስድ ጉዞ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ሁለተኛውን ሞገድና የልብ ምቱን ያጥፉ፤ ዱካውን መመዝገብ ግን አያቁሙ፤ የመመለሻ መንገድዎ እርሱ ነውና። ከስልክዎ ጋር ትንሽ ፓወር ባንክና የሰዓቱን ኬብል ይያዙ፤ የሰዓት ኬብል ከስልኩ የተለየ ስለሆነ በመንደር ሱቅ አያገኙትም።

ከተመለሱ በኋላ

ዱካውን ከወሩ ስም ጋር ያስቀምጡ፣ የያዟቸውን ነጥቦች ስም ይስጧቸው። ለሌሎች የሚያካፍሉት ከሆነ መነሻውና መድረሻው የመኖሪያ ቤትዎን እንዳያሳይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥቂት መቶ ሜትር ይቁረጡ።

በመጨረሻም በካርታው ላይ ያጡትን መንገድ በኦፐንስትሪትማፕ ላይ ራስዎ ይጨምሩ። መለያ ስም አውጥተው ይግቡ፣ የቀዱትን ዱካ ይጫኑ፣ በላዩ ላይ መስመሩን ይሳሉና የእግር መንገድ መሆኑን ይምረጡ፤ የቦታውን ስምም ከአካባቢው ሰው እንደሰሙት በአማርኛ ፊደል ያስገቡ። ውሃ የሚውጠው መንገድ ከሆነ በክረምት የማያስኬድ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ይጨምሩበት። ያረሙት ነገር ወደ ሰዓቶች የሚደርሰው አምራቾቹ ካርታቸውን በሚያድሱበት ጊዜ ስለሆነ፣ ለውጡን ለማየት በየጥቂት ወሩ ካርታዎን እንደገና ያውርዱ።